ይዘት እየሠራችሁ ለዛላችሁ፦ ያለቀው ሐሳብ ነው ወይስ ጊዜ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ብቻችንን ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የምንሠራ ሰዎች ዝለናል። ጥቂቱ ቻናሉን ዘግቶ ሄዷል። ብዙው በየሳምንቱ መልቀቁን ቀጥሏል፣ ቪዲዮውን ስታዩት ግን ልቡ እዚያ እንደሌለ ያስታውቃል። የሰላምታው ድምፅ እንኳ ይለያል።

እኔ የታሪክ ትረካ ነው የምሠራው። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ፣ የማነበው እኔ፣ ኤዲት የማደርገው እኔ፣ የቪዲዮውን የፊት ምስል (ታምብኔል) የምሠራው እኔ፣ ኮሜንት የምመልሰው እኔ። የምቀዳው ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል ነው። ቀን የልጆች ጩኸት፣ የቆራሌው ጥሪ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን አያስቀዳም። ድምፁ እንዳያስተጋባ ማይኩንና ስልኩን ይዤ ወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ እገባለሁ። ሁለት ገጽ ሳላነብ ላብ ያጠምቀኛል፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ አየር እወስዳለሁ፣ እንደገና እገባለሁ። የሃያ ደቂቃ ትረካ በዚህ ዓይነት ሌሊቱን ይበላዋል። ጠዋት ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ይጠብቀኛል።

ሁላችንም ሐሳብ አለቀብን እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። ሐሳብ እንዴት ያልቃል? ያለቀው ሐሳብ የምንሰበስብበት ጊዜ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቪዲዮ ለመልቀቅ ስንሮጥ የምናነብበት፣ ሰው የምንጠይቅበት፣ ያለ ጉዳይ በእግር የምንሄድበት ሰዓት ተበላ። ስለዚህ ዕረፍት የሥራው ክፍል ነው እላለሁ። ቀን ተቆርጦለት ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት።

እናንተስ? በስንት ቀን ትለቃላችሁ? ዕረፍት ስትወስዱ ቻናላችሁ ምን ሆነ? ሐሳብ የምታገኙትስ ከየት ነው? በግልጽ እንነጋገር።

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አስቀምጣለሁ። ስም አልጠቅስም። የኔን ሐሳብም በየመሀሉ ጣል አደርጋለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የምግብ ቻናል ያላት እህት ናት፣ ከሐዋሳ። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። በዕረፍቱ ትስማማለች፣ በሐሳቡ ግን እሷ ችግር የለባትም። ርዕሷን የሚያወጣላት የዓመቱ አቆጣጠር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሰው የጾም ምግብ ይፈልጋል። ፍልሰታ ሲመጣ እንደገና። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ፣ ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ፣ በረመዳን ሳምቡሳና ሾርባ። ጾሙ ሳይገባ ቀደም ብላ ትቀርጽና ታስቀምጣለች። እሷን የሚጨርሳት ቀረጻው ራሱ እንደሆነ ጽፋለች። ቁሌት ላይ ቆማ ሽንኩርቱን ስታበስል እንፋሎቱ የስልኩን ካሜራ ይጋርደዋል። በአንድ እጇ ታማስላለች፣ በሌላው ሌንሱን በጨርቅ ትጠርጋለች። ሰዓታት የፈጀው ወጥ ቪዲዮው ላይ ስምንት ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ሽንኩርቱ አልበሰለም ብሎ ይጽፍላታል።

መልስ 2

ይሄ ወንድማችን የስልክ ሪቪው የሚሠራ ነው። አልተስማማም። የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚቀርብ የሚመርጠው የዩቲዩብ አልጎሪዝም የጠፋን ሰው ይቀጣል ባይ ነው። ሁለት ሳምንት አቋርጦ ሲመለስ ቪው ግማሽ በግማሽ ወርዶ አገኘሁት ይላል። በሳምንት ሦስት ረዥም ቪዲዮ፣ በየቀኑ አንድ ሾርትስ (አጭር ቪዲዮ)፣ ያለበለዚያ ትረሳለህ ነው ነገሩ። ደከመኝ የሚል ሰው ሥራውን መጀመሪያም አልወደደውም የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምሮበታል። እዚህች ጋ ነው ክሩ መሞቅ የጀመረው።

መልስ 3

በጨዋነት ያረመው ሰው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዩቲዩብ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሱዛን ቮጂስኪ ለይዘት ፈጣሪዎች በጻፉት ደብዳቤ ይህንኑ ጉዳይ አንስተውት እንደነበር አስታወሰን። ዩቲዩብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቻናሎችን መረጃ አይቶ ነበር። ዕረፍት የወሰዱ ቻናሎች ሲመለሱ ያገኙት ቪው በአማካይ ከመሄዳቸው በፊት ከነበረው ይበልጥ ነበር። ሰውየው እዚያ ላይ አላቆመም። እንግሊዛዊው ቶም ስኮት ለአሥር ዓመት በየሳምንቱ ሲለቅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ቀን ሳምንታዊውን ሥራ ማቆሙን አነሳ። በዚያው ዓመት ማትፓት የሚባለው አሜሪካዊም ቻናሉን ለሌሎች አስረክቦ ከመድረኩ ወርዷል። እነዚህ ሥራቸውን ያልወደዱ ሰዎች ናቸው ወይ ብሎ ነው የጨረሰው። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልስ 4

መልስ 2 ተመለሰ፣ አሁን ትንሽ ሞቅ ብሎ። አማካይ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው ትልልቆቹን ነው፣ ሚሊዮን ተከታይ ያለውን ሰው ተመልካቹ ይጠብቀዋል፣ ሦስት ሺህ ሰብስክራይበር ያለውን ማን ይጠብቀዋል አለ። ደግሞ ቶም ስኮት የቤት ኪራይ ጭንቀት የለበትም የሚል ነገር ጨመረ። ስለ ሥራ መውደዱ የጻፈውን አላነሳም፣ አላረመምም።

እውነት ለመናገር ስለ አማካዩ የተናገረው ሚዛን ይደፋል። የሚሊዮኖች አማካይ የአንዱን ትንሽ ቻናል ዕጣ አይነግረንም። ግን ከዚህ ተነስቶ በሳምንት ሦስት ልቀቅ ማለት ላይ እንዴት እንደደረሰ አልገባኝም። ትንሽ ቻናል ያለው ሰው ብቻውን ነው የሚሠራው። ቶሎ የሚወድቀውም እሱ ነው።

መልስ 5

ገንዘቡን በደንብ ያስረዳን ሰው ነው፣ ከአዲስ አበባ። ረዥም ጽፏል፣ ማሳጠር ይከብዳል። ዩቲዩብ ማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይፈልጋል። ይህን ካለፍክ ከረዥም ቪዲዮ ማስታወቂያ ለፈጣሪው 55 በመቶ ይደርሰዋል። እኛ ጋ ግን ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ለዓመታት ኢትዮጵያ ዩቲዩብ ከሚከፍልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረች ብዙ ሰው ሥራውን የጀመረው በውጭ ባለ ዘመድ አካውንት ነው። ገንዘቡ እህት ወይም የአጎት ልጅ እጅ ይገባል። እሷ ደግሞ የራሷ ኑሮ አለባት። መቼ ትልካለች ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፣ አለመጠየቅ ደግሞ ያስርባል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዩቲዩብ ከአሜሪካ ተመልካች በሚገኘው ገቢ ላይ ታክስ ይቆርጣል፣ አካውንቱ ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት በሌለው አገር ስም ከሆነ እስከ 30 በመቶ። ትረካና ዜና ለምንሠራ ሰዎች ደኅና የሚከፍለው ተመልካች ያለው እዚያው አሜሪካ ነው።

የሰውየው ነጥብ ይሄ ነው። ቪዲዮ ስትሠራ ብትደክም ተኝተህ ትነሣለህ። የሠራኸው ሥራ ዋጋ መቼና በማን በኩል እንደሚመጣ ሳታውቅ መኖር ግን ተኝተህም አይለቅህም። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ በመክፈቻው ጊዜ ጊዜ ስል የቆየሁትን ነገር ሰፋ አድርጎልኛል።

መልስ 6

ከጅዳ የጻፈች እህት። ሰው ቤት ትሠራለች። ቲክቶክ የጀመረችው ናፍቆቷን ለማውራት ነበር፣ ሰው ወደዳት፣ ላይቭ መግባት ጀመረች። አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ትገባና እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥታ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ታዘጋጃለች። አንድ ቀን ካልገባች የት ጠፋሽ የሚል መልእክት ይዘንብባታል። መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። በኋላ የሁለተኛ አሠሪ ድምፅ መሰላት። አሁን ላይቭ ትታለች። ዕረፍት ባላት ዓርብ ብቻ አንድ አጭር ቪዲዮ ትሠራለች። ላይቭ ላይ ተመልካች የሚልክላት ስጦታ ቀርቷል፣ ግን እንቅልፏ ተመልሷል። እህቴ፣ ስለጻፍሽልን እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ክር ከማንም በላይ የከፈልሽው አንቺ ነሽ።

መልስ 7

አንድ ሰው መጣና ውርጅብኝ አወረደ። ይሄ ሁሉ የቅንጦት ለቅሶ ነው፣ ስልክ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ደከመኝ ሲል መስማት ያሳፍራል፣ ሲሚንቶ ተሸክማችሁ አምስተኛ ፎቅ ውጡና ያን ጊዜ ስለ ድካም እናውራ አለ።

መልስ 8፣ 9 እና 10

መልስ 8 ስድብ ነው፣ አልፈዋለሁ። መልስ 10ም በስድብ የተመለሰ ስድብ ነው።

መልስ 9 ግን ሊነበብ ይገባል። ጸሐፊው በእውነት ሲሚንቶ የተሸከመ ልጅ ነው። ኮንስትራክሽን ላይ በቀን ሥራ ቆይቶ አሁን አስቂኝ አጫጭር ቪዲዮ ይሠራል። ለመልስ 7 የመለሰው ያለ ቁጣ ነው። ሳይት ላይ የወገብ ሕመም አለ፣ እጅ ይላጣል፣ ይህን ማንም አይክድም ይላል። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አካፋው እዚያው ይቀራል። ፎርማኑ ቤትህ ድረስ ተከትሎህ አይመጣም። ከጓደኞችህ ጋር እየተሳሳቅህ ትወጣለህ፣ ሽሮህን በልተህ እንደ ድንጋይ ትተኛለህ። ቪዲዮ መሥራት ከጀመረ በኋላ ግን ሥራው አልጋው ድረስ ይገባል። እራት ላይ እናቱ ስታወራ እሱ ይህ ለቪዲዮ ይሆናል እያለ ነው የሚያዳምጣት። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስንት ቪው እንደገባ ያያል። ሁለቱን ድካም አነጻጽሩ ከተባለ ሰውነቱ የደከመው ያኔ ነው፣ እሱ ራሱ የደከመው አሁን ነው። ከዚህ በኋላ መልስ 7 አልተመለሰም።

የእናቱ ነገር በጣም ነክቶኛል። ሰው ሲያወራህ ለይዘት እየመዘንከው ከሆነ ያን ሰው እየሰማኸው አይደለም። ስለ ዕረፍት ስናወራ ቪዲዮ አለመልቀቅን ብቻ ካሰብን ይህን እንስተዋለን። አለመልቀቅ ቀላሉ ነው። ካሜራውን ከጭንቅላት ማውጣት ነው ከባዱ።

መልስ 11

የአእምሮ ጤና ነርስ ናቸው፣ በሥራቸው ረዥም ልምድ ያላቸው ይመስላል። ነገሩን በሥርዓት አስቀምጠውታል። በሥራ መዛልን በጥናት መልክ ቀድሞ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ያካተተው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው፣ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ጉልበት ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መጥላት፣ በሥራዬ ውጤት አላመጣም የሚል ስሜት።

ከዚያ ያስጠነቀቁን ነገር አለ። ከሥራ ስትርቅ ቀለል የሚልህ ከሆነ ዝለት ነው። ዕረፍት ላይ ሆነህም እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ምግብ ከጠላህ፣ የምትወደው ሰው መጥቶ እንኳ ደስ ካላለህ፣ ይህም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ጋ መሄድ አለብህ። ሰዉ አማኑኤል የሚለውን ስም ስለሚፈራ ዘግይቶ ነው የሚመጣው አሉ። ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና እንደሚሰጡ፣ መሄድ ነውር እንዳልሆነ አስረግጠው ጻፉ። ሲስተር፣ እናመሰግናለን። ይህን መልስ ሰው ሁሉ አስቀምጦ ቢይዘው ደስ ይለኛል።

መልስ 12 እስከ 14

ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 12 ብርድ ልብስ ውስጥ ስትቀዳ የምትጠቀመው ማይክ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልስ 13 ልብስ ላይ የምትሰካዋ ገመድ አልባ ማይክ ለትረካ አትሆንም፣ ለቃለ መጠይቅ ነች አለ። መልስ 14 መርካቶ ውስጥ ዋናውን ከኮፒው መለየት እንደማይቻል አማረረ። ብርድ ልብሱን ትቶ ቁም ሣጥን ከፍቶ በተሰቀሉት ልብሶች ፊት መቅዳት እንደሚሻል ግን ነግሮኛል፣ እሱን ሞክሬው በእውነት ይሠራል። ላብም የለም።

መልስ 15፣ 16 እና 17

መልስ 15 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ያለቀው ቪዲዮ ከኤዲቲንግ ሲወጣ (ኤክስፖርት ሲደረግ) 90 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት የሚጠፋበት አገር ላይ ፕሮግራም አውጡ ማለት ምን ማለት ነው አለ። ኔትወርኩም እንደዚያው። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር።

መልስ 16 እነዚያ አምስት ወራት ለእሱ እንደጠቀሙት ጻፈ። ቪፒኤኑ ሲያሰለቸው ተወው፣ ማንበብ ጀመረ፣ የገጠር ዘመዶቹን ጠየቀ፣ ሲከፈት ተመልሶ የሠራቸው ቪዲዮዎች እስከ ዛሬ ከሠራቸው የተሻሉ ናቸው።

መልስ 17 ተቆጣች። ልክ ነች። በእነዚያ ወራት ኪራይ መክፈል አቅቷት ቤተሰብ ጋ የተመለሰች ልጅ ናት። ሰው ያለ ፈቃዱ ሥራው ሲዘጋበት ዕረፍት አትበሉብኝ ነው ያለችው። በዚህ እኔ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። ዕረፍት የሚባለው አንተ የወሰንከው ሲሆን፣ የሚያበቃበትን ቀን የምታውቀው ሲሆን ነው። የተዘጋ ኔትወርክ ሰውን አያሳርፍም፣ ያስጨንቃል። መልስ 16 ይቅርታ ጠይቋል፣ ጥሩ አደረገ።

መልስ 18

ከእስራኤል፣ ከነታንያ። በአማርኛ ስለ ማኅበረሰቡ ታሪክ የሚያወራ ቻናል አለው። ሰንበት ይጠብቃል። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኩን ያጠፋል፣ ቅዳሜ ማታ ይከፍታል። ሲጀምር ጓደኞቹ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚሆነው ቅዳሜ ነው፣ ያን ቀን ካልለቀቅክ አትሆንም ብለውት ነበር። አልሰማቸውም። ተመልካቹ ለመደው፣ አሁን እሑድ ጠዋት ነው የሚጠብቁት። ሐሳብ የሚመጣለትም ቅዳሜ ነው። ሽማግሌዎቹ ከጸሎት በኋላ ተሰብስበው በሱዳን በረሃ አልፈው ስለመጡበት መንገድ ያወራሉ፣ እሱ ያዳምጣል፣ መጻፍ ስለማይችል በልቡ ይይዛል። ረስቶት ያደረ ነገር ካለ አይሠራውም። ያልተረሳው ብቻ ቪዲዮ ይሆናል።

ስለ ሐሳብ ከተነገረው ሁሉ እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። እኛ የሰማነውን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ጽፈን፣ ማስታወሻው መቶ ርዕስ ሞልቶ፣ ርዕሱን ስናየው አንዱም አይነሽጠንም። እሱ ግን የሚለቀውን የሚመርጥለት ወንፊት አለው።

መልስ 19 እና 20

አንዱ የኛም ሰንበት አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስልክ ይዤ አልገባም አለ። ሌላው ረመዳንን በሙሉ ከሱሑር በኋላ ብቻ እየሠራ፣ ቀን ቀን እያረፈ እንደሚያሳልፍ ጻፈ። አጫጭር ናቸው፣ ግን ሁለቱም በራሳቸው መንገድ ተመልካቹን አስለምደውታል።

መልስ 21፣ 22 እና 23

መልስ 21 ይህን ሁሉ መከራ ምን አመጣው ባይ ነው። ጽሑፉን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይጻፈው፣ ድምፁንም ኤአይ ያንብበው፣ በቀን አምስት መልቀቅ ይቻላል አለ። መልስ 22 እንዲህ ዓይነቱን ቻናል ሰምቻለሁ፣ የነገሥታቱን ስም እንኳ አጥብቆ የሚጠራበትና የሚያላላበት አይታወቅም፣ የአገር ታሪክ ላይ ቆሻሻ እየደፋችሁ ነው ብሎ በጣም ከረር አደረገው። መልስ 23 መሀል ገባ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 15 ቀን 2025 ጀምሮ በጅምላ የሚመረትና የሚደጋገም ይዘት ገቢ እንዳያገኝ ደንቡን ግልጽ ማድረጉን አስታወሰ። በኤአይ መታገዝ በራሱ አልተከለከለም፣ ተመሳሳይ ነገር በገፍ ማምረት ነው ችግሩ አለ።

እኔ ቀኖችን ለማመሳከርና ፊደል ለማረም ኤአይ እጠቀማለሁ፣ የነገረኝንም መጽሐፍ ከፍቼ አረጋግጣለሁ። ማንበቡን ግን አልሰጠውም። ብርድ ልብስ ውስጥ የምገባው ማንበቡን ስለምወደው ነው። ከሥራህ ውስጥ የምትወደውን ክፍል ለማሽን ሰጥተህ የምትጠላውን ካስቀረህ፣ ምን አርፈሃል?

መልስ 24

ሐሳብ ከየት ይገኛል ላልኩት በደንብ የመለሰ ወንድም። ከስክሪን ውጡ ነው ምክሩ፣ ግን ቦታውንም ነግሮናል። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ጸጥ ያለ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው። እሱ ግን የሚመርጠው ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ነው፣ የድሮ ጋዜጦች ስላሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ ነው። ትልልቁን ዜና ይዘለዋል። የሚያነበው የጨረታና የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ የዕቃ ዋጋ ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ምን ይገዛ እንደነበር፣ ምን ይጠፋበት እንደነበር ከዚያ ይገኛል። አንድ ትንሽ ማስታወቂያ ይዞ ስለ አንድ ሰፈር ሙሉ ትረካ ይሠራል። ስልኩን ቦርሳው ውስጥ አድርጎ በእጁ ነው የሚገለብጠው። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ማንበብ አቆማለሁ ይላል።

መልስ 25

ከድሬዳዋ የጻፈች ልጅ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ አይኖርም ስትል በትንሹ ወጋ አደረገችው። የእሷ ቤተ መጻሕፍት አያቷ ናቸው። ባቡሩ በደኅና ጊዜ ይሄድ በነበረበት ዘመን ጣቢያው አካባቢ ይነግዱ ነበር። ቡና ሲፈላ ትቀመጣለች፣ ሁለተኛው ሳይቀዳ ጨዋታው አይጀመርም። አስፈቅዳ ድምፃቸውን ትቀዳለች። አንዳንድ ቀን አያቷ ዛሬ አትቅጂኝ፣ ዝም ብለሽ ቡናሽን ጠጪ ይሏታል። ያን ቀን ስልኩን ታስቀምጣለች።

መልስ 26

አጭር ነው፣ ግን ከባድ። አንዲት እህት እኔን ያደከመኝ ሥራውም ገንዘቡም አይደለም፣ ኮሜንቱ ነው አለች። በመልኳ፣ በብሔሯ፣ በአለባበሷ ይሰድቧታል። አሁን ኮሜንት የሚያነበው ወንድሟ ነው። የሚሰድበውን ይሰርዛል፣ ጥያቄ ያለውን ብቻ ያሳያታል። እንዲህ የሚያግዝ ሰው ያላችሁ ለምኑት። የሌላችሁ ደግሞ የማትፈልጓቸውን ቃላት መርጦ የሚያግደውን የዩቲዩብ ማጣሪያ በአማርኛ ፊደል ሙሉት። በላቲን ፊደል የሚጽፉትንም ጨምሩበት፣ አብዛኛው ስድብ የሚመጣው በዚያ ነው።

መልስ 27

መልስ 2 ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። አቋሙ አልተለወጠም፣ በሳምንት ሦስት መልቀቁን ይቀጥላል። ያነሳው አዲስ ነገር ሦስቱንም በአንድ ቀን እንደሚቀርጽ ነው። መብራቱን አንድ ጊዜ ያስተካክላል፣ ሸሚዙን እየቀየረ ይቀርጻል፣ ስድስት ቀን ካሜራ አይነካም። ወንድሜ፣ ይህን ስትናገር አንተም ዕረፍትህን ፕሮግራም ውስጥ አስገብተሃል። በቁጥሩ ላይ ነው እንጂ በነገሩ ብዙም አንራራቅም። ደከመኝ የሚለው ሰው ሥራውን አይወድም ያልከውን ግን መልስ 6 እና መልስ 9ን ካነበብክ በኋላ መልሰህ ብትወስደው ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 28

ስለ ማይኩ እንደገና የተጠየቀ ነው። በውስጥ መስመር መልሻለሁ።

መልስ 29

የመጨረሻው ገና ሊጀምር ያለ ልጅ ነው። የትረካ ቻናል ሊከፍት ነው፣ በሳምንት ስንት ልልቀቅ ይላል።

ወንድሜ፣ ቻናሉን ከመክፈትህ በፊት አራት ትረካ ሠርተህ አስቀምጥ። ከዚያ በሁለት ሳምንት አንድ ልቀቅ፣ ቀኑን ለተመልካቹ ንገረው። መብራት ቢጠፋ፣ ብትታመም፣ ለቅሶ ቢመጣ ከተቀመጠው ታወጣለህ። የተቀመጠው ከሁለት ካነሰ የጎደለውን እስክትሞላ አዲስ ቃል አትግባ። ከገንዘቡ መጀመሪያ ስድስት ወር ምንም አትጠብቅ፣ ሌላ ሥራ ካለህ አትልቀቀው። አካውንቱ በዘመድ ስም ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ መቼና እንዴት እንደሚላክ ሳትጀምሩ ተነጋገሩ፣ ጽፋችሁም አስቀምጡት። ጽሑፍህን ልታሳየኝ ከፈለግህ ላክልኝ፣ ይህን ሳምንት ቀረጻ የለኝም፣ አነብልሃለሁ።